በመከራ ቀን መዝገብ አይዘጋም

«ቤት ሲቃጠል ውሃ ይቀዳል እንጂ እንስራ አይቈጠርም» የሚሉ ሰዎች አሉ። ቸነፈር በገባበትና ገበያ በወደቀበት ጊዜ ሁሉ ይህን ቃል የማይናገር ባለሥልጣን፥ ይህንንም ቃል ሰምቶ ራሱን በመነቅነቅ የማያጸድቅ ሰው ማግኘት ያስቸግራል። የነገሩ ፍሬ፥ «አሁን የጭንቅ ቀን ነው፤ ገንዘቡ ከየት መጣ፥ ወዴት ሄደ፥ ለማን ተሰጠ ብሎ መጠየቅ የጥጋብ ዘመን ሥራ ነው፤ አስቀድመን ሕዝቡን እናድን፥ ሒሳቡ ኋላ ይደርሳል» ማለት ነው። ሲሰሙት የአባት ምክር ይመስላል። እኔ ግን ይህን ጽሑፍ ለመጻፍ የተነሣሁት ይህ ምክር የአባት ሳይሆን የሌባ ተገን መሆኑን ለማስረዳት ነው። በተለይም ከምድራቸው በታች ወርቅና አልማዝ፥ ብረትና ዘይት በተቀመጠላቸው፥ ከምድራቸው በላይ ግን ድኽነት በሰፈነባቸው አገሮች ዘንድ፥ በመከራ ቀን የተዘጋ መዝገብ እንደ በሽታው ሁሉ ሰው የሚገድል መሆኑን በማስረጃ ለማሳየት እሞክራለሁ። ስለ አገራችን ከምናገርበት ስፍራ በቀር በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቈጣጠር ናቸው።

አስቀድሜ ለተቃዋሚዬ ያለውን እውነት ልስጠው። በወረርሽኝ ጊዜ የአንድ ሳምንት መዘግየት ብዙ ነፍስ ያስከፍላል። ለሐኪሞቹ ጓንት ለመግዛት እንደ ሰላሙ ጊዜ የሁለት ወር ጨረታ የሚያወጣ መሥሪያ ቤት ደንቡን ጠብቆ ሕዝቡን ይቀብራል። ስለዚህ በጭንቅ ቀን የግዢው መንገድ ሊያጥር ይገባዋል፤ በዚህ ላይ ክርክር የለኝም። ነገር ግን መፍጠንና መሸሸግ ሁለት ልዩ ልዩ ነገሮች ናቸው። ዕቃው ዛሬ ያለ ጨረታ ቢገዛ፥ ከማን፥ በስንት ብር፥ በማን ፊርማ እንደ ተገዛ ነገ በጋዜጣ ወይም በመሥሪያ ቤቱ በር ላይ ቢለጠፍ፥ ይህ መለጠፍ ግዢውን አንዲት ሰዓት እንኳ አያዘገየውም። እንዲያውም የተለመደው ጥበቃ ሁሉ በተነሣበት ጊዜ የቀረው አንድ ዘበኛ የሕዝብ ዐይን ብቻ ነው። ይህንንም ዘበኛ አሰናብቶ «ፈጥነን ነው» የሚል ሰው፥ የቸኰለው ለምን እንደ ሆነ ሊጠየቅ ይገባዋል። አባቶቻችን «ግርግር ለሌባ ያመቻል» ያሉት እሳት ማጥፋት አያስፈልግም ለማለት ሳይሆን፥ እሳት በተነሣ ጊዜ በር የሚጠብቅ ሰው መቅረት እንደሌለበት ለማስጠንቀቅ ነው።

ይህ ነገር በማዕድን በበለጸጉ ድኾች አገሮች የሚከፋበት ምክንያት አለ። ከገበሬው፥ ከነጋዴውና ከደመወዝተኛው ግብር ሰብስቦ የሚያድር መንግሥት፥ ወደደም ጠላም፥ ግብር ከፋዩ «ብሬን የት አደረስከው?» ብሎ ይጠይቀዋል። ገንዘቡን ከጕድጓድ በሚቀዳ አገር ግን ሕዝቡ የሰጠው ነገር ያለ ስለማይመስለው አይጠይቅም፤ መንግሥቱም ከሕዝቡ የተቀበለው ነገር ያለ ስለማይመስለው አይመልስም። ከዚህም የተነሣ ሀብቱ ሦስት በሮች ያልፋል፤ ሦስቱም ሊዘጉ ይችላሉ። የመጀመሪያው በር ውሉ ነው፤ ማዕድኑ ለማን፥ በምን ዋጋና ለስንት ዓመት እንደ ተሰጠ የሚወሰንበት ነው። ሁለተኛው በር ገቢው ነው፤ ኩባንያው የከፈለውና ግምጃ ቤቱ የተቀበለው የሚመሳከርበት ነው። ሦስተኛው በር ወጪው ነው፤ ገንዘቡ ወደ ሆስፒታል ሄደ ወይስ ወደ ሌላ ቤት የሚለው የሚታወቅበት ነው። ሦስቱም በሰላሙ ቀን ተዘግተው ከቈዩ፥ የመከራው ቀን ሲመጣ የዓባይን ልጅ ውሃ ጠማው የሚለው ተረት በዐይን ይታያል፤ በአልማዝ ላይ የተሠራ ሆስፒታል ጓንት ያጣል።

ሴራሊዮን የዚህ ነገር ዋና ምስክር ናት። በዚያች አገር አልማዝ ከተገኘበት ከ1930 ጀምሮ ምድሪቱ ስንቱን ባዕድ አበልጽጋለች፤ ከ1991 እስከ 2002 በቈየው የእርስ በርስ ጦርነትም አልማዙ ለጠመንጃ መግዣ ሆኖ ነበር። ሰላም ከወረደ በኋላ የማራምፓና የቶንኮሊሊ የብረት ማዕድን ተከፈተና፥ በ2013 የአገሪቱ ምርት በ20 ከመቶ ያህል በአንድ ዓመት አደገ። ጋዜጦች አመሰገኑ፤ ባንኮች አጨበጨቡ። ነገር ግን እዚያው አገር የበጀት ነገር የሚከታተሉ የሲቪል ማኅበራት በኤፕሪል 2014 ያወጡት ጥናት እንዳመለከተው፥ በ2012 መንግሥት ከጕምሩክ ቀረጥና ከሽያጭ ግብር ነጻ በማድረግ ብቻ የተወው ገቢ 224 ሚሊዮን ዶላር ያህል፥ ማለት ከአገሪቱ ጠቅላላ ምርት 8 ከመቶ በላይ ነበር። ከዚህም ዕፎይታ ብዙውን ያገኙት የማዕድን ኩባንያዎች ናቸው። ይህም ሲሆን ከ6 ሚሊዮን በላይ ለሚሆነው ሕዝብ የነበሩት ሐኪሞች 200 አይሞሉም ነበር። እንግዲህ ይህን ሚዛን አስቡት። ለማን፥ ስለ ምን፥ ለስንት ጊዜ ግብር እንደ ተማረ ሕዝቡ ቢያውቅ ኖሮ፥ የተማረውን ግብር ከጐደለው ሐኪም ጋራ ባነጻጸረው ነበር።

ወዲያውኑ ሁለት መዓት በአንድ ጊዜ ወረዱ። በሜይ 2014 ኢቦላ ከጊኒ ድንበር ተሻግሮ ገባ። በዚያው ዓመት የብረት ማዕድን ዋጋ በዓለም ገበያ ከ130 ዶላር አካባቢ ወደ 70 ዶላር አካባቢ ወረደ። በኦክቶበር 2014 የማራምፓው ኩባንያ፥ በማርች 2015 ደግሞ የቶንኮሊሊው ኩባንያ በዕዳ ተይዘው ለንብረት ጠባቂ ተሰጡ። በ2013 በ20 ከመቶ ያደገው ምርት በ2015 በ20 ከመቶ ወደቀ። ኢቦላ በዚያች አገር ከ14 ሺህ በላይ ሰው ያዘ፤ 3,956 ሰው ገደለ። የኬኔማን ሆስፒታል ሕሙማን ሲያክሙ የነበሩት ታላቁ ሐኪም ዶክተር ሼክ ዑመር ካን ራሳቸው በበሽታው ተይዘው በጁላይ 29 ቀን 2014 ዐረፉ። ከእርሳቸው በፊትም በኋላም ነርሶችና ረዳቶች ተራ በተራ ወደቁ። እነዚህ ሰዎች የሞቱት ጀግንነት ጐድሏቸው አይደለም፤ ጀግንነታቸውን የሚሸፍን ልብስና ጓንት ጐድሏቸው ነው።

አሁን ወደ መዝገቡ እንመለስ። በኖቬምበር 2014 በዚያችው በኬኔማ ከተማ፥ በኢቦላ የሞቱትን የሚቀብሩ ሠራተኞች የተወሰነላቸው የአደጋ አበል ለሁለት ወር ስላልተከፈላቸው፥ 15 ያህል ሬሳ አውጥተው በሆስፒታሉ ደጅ አኖሩ። ሥራው ከሥራዎች ሁሉ የሚያስፈራ፥ ደመወዙም ከሞት ጋራ የሚደረግ ውል ነበር። ባለሥልጣኖች ያደረጉት ሥራ አስደናቂ ነው። ሠራተኞቹን ሬሳ አዋርዳችኋል ብለው አሰናበቷቸው። ገንዘቡስ? ገንዘቡ ለወረዳው የጤና አስተዳደር ተልኮ እንደ ነበረና ለምን እንዳልደረሳቸው መመርመር እንደሚገባ የማእከሉ ቃል አቀባይ ተናገረ። እንግዲህ ከዚህ አንድ ነገር እንማራለን። ሬሳ ማዋረድ ነውር መሆኑን አልክድም። ነገር ግን ከላይ የተላከው አበል ከሥሩ ያሉት ሰዎች ሊያዩት በሚችሉት ሰሌዳ ላይ፥ «ለዚህ ወረዳ ይህን ያህል ብር በዚህ ቀን ተልኳል» ተብሎ ተጽፎ ቢሆን ኖሮ፥ ቀባሪዎቹ ሬሳውን ወደ ደጅ ሳይሆን ጥያቄያቸውን ወደ ወረዳው ጽሕፈት ቤት በወሰዱት ነበር። መዝገብ በተዘጋበት አገር ሬሳ ይናገራል።

ይህ የኬኔማ ነገር ብቻውን የቆመ አልነበረም። የሴራሊዮን ዋና ኦዲተር የነበሩት ወይዘሮ ላራ ቴይለር ፒርስ፥ ከሜይ እስከ ኦክቶበር 2014 ለኢቦላ የተመደበውን ገንዘብ መርምረው በፌብሩዋሪ 2015 ባወጡት ዘገባ፥ ከገንዘቡ ሲሶ ሊሞላ ጥቂት የቀረው ተገቢ ማስረጃ ያልተገኘለት መሆኑን ገለጡ። ደረሰኝ የሌለው ክፍያ ነበር፤ ለአንድ ነገር ሁለት ጊዜ የተከፈለ ነበር፤ ደንብ ያልተከተለ ግዢ ነበር። ይህ ማለት ሲሶው ሁሉ ተሰርቋል ማለት አይደለም፤ ኦዲተሯም እንዲህ አላሉም። ነገር ግን የተሰረቀውን ካልተሰረቀው መለየት የማይቻል ሆኗል ማለት ነው። ለመንግሥት ሥራ ከዚህ የከፋ ነውር የለም። ምክንያቱም በዚህ ጊዜ ሐቀኛው ጸሐፊና ሌባው ጸሐፊ በአንድ ጨለማ ውስጥ እኩል ይቆማሉ፤ ሐቀኛው ንጹሕነቱን የሚያስመሰክርበት ወረቀት የለውም፤ ሌባው የሚያዝበት ወረቀት የለም። ስለዚህ ግልጽ መዝገብ ጠቀሜታው ለሐቀኛው ባለሥልጣን ነው ብል አላጋነንሁም።

አንባቢ ሆይ፥ የዚህን ምርመራ ቀን ልብ በል። ዘገባው የወጣው በፌብሩዋሪ 2015 ነው፤ ሴራሊዮን ከኢቦላ ነጻ የተባለችው ደግሞ በኖቬምበር 7 ቀን 2015 ነው። እሳቱ ገና ሳይጠፋ እንስራው ተቈጠረ ማለት ነው! በቈጠራውም ምክንያት ውሃ መቅዳቱ አልቆመም፤ በሽታውም በዚያው ዓመት ተሸነፈ። «ሒሳብ ኋላ ይደርሳል» የሚለው ምክር በዚህ ቀን ሐሰት ሆነ። ሳይደርቅ በእርጥቡ፥ ሳይርቅ በቅርቡ የሚለው የአባቶች ቃል ለሐኪም ብቻ ሳይሆን ለኦዲተርም የተነገረ ነው። ከዓመታት በኋላ የሚመጣ ምርመራ ጅብ ከሄደ በኋላ እንደሚጮኽ ውሻ ነው፤ ፈራሚው ተዛውሯል፥ ነጋዴው ሱቁን ዘግቷል፥ ወረቀቱን አይጥ በልቶታል። የሴራሊዮንም የኦዲት መሥሪያ ቤት ይህን ስላወቀ፥ በ2020 ኮቪድ-19 በመጣ ጊዜ ገንዘቡን ከሥር ከሥር እየተከታተለ መረመረ። ያ ሁሉ ሲሆን ዋና ኦዲተሯ በኖቬምበር 2021፥ የዓመቱ ዘገባ ሊወጣ ሲቃረብ፥ ለሙያ ምርመራ በሚል ምክንያት ከሥራቸው ታገዱ፤ ወደ ወንበራቸውም አልተመለሱም። በክሱ ላይ ፈራጅ አልሆንም። ነገር ግን መዝገብ የሚከፍት ሰው የሚቆምበት ስፍራ ምን ያህል ጠባብ እንደ ሆነ ይህ ታሪክ ያሳያል።

ከትንሺቱ አገር ወደ ትልቋ እንሻገር። ናይጄሪያ ከ1956 ጀምሮ የነዳጅ ዘይት ያላት፥ ከውጭ ንግዷ እጅግ የሚበዛውን ከዚሁ የምታገኝ አገር ናት። በ2020 መጀመሪያ በርሜሉ ከ60 ዶላር በላይ ይሸጥ ነበር፤ በኤፕሪል ኮቪድ ዓለምን ቤት ሲያስገባት ከ20 ዶላር በታች ወረደ። መንግሥት በጀቱን በበርሜል 57 ዶላር አስቦ አውጥቶ ስለ ነበር፥ ግምቱን ወደ 28 ዶላር ዝቅ ለማድረግ ተገደደ። በኤፕሪል 28 ቀን ዓለም አቀፉ የገንዘብ ድርጅት 3.4 ቢሊዮን ዶላር አበደረው። መንግሥትም በበኩሉ በዚህ ገንዘብ የሚደረጉትን ግዢዎች፥ ዕቃ አቅራቢዎቹን ኩባንያዎችና እውነተኛ ባለቤቶቻቸውን ለሕዝብ ለማሳወቅ፥ በነጻ ኦዲተርም ለማስመርመር ቃል ገባ። በዚያው ዓመት በ1977 የተቋቋመው የአገሪቱ የዘይት ድርጅት በ43 ዓመት ታሪኩ ለመጀመሪያ ጊዜ የተመረመረ ሒሳቡን ለሕዝብ አወጣ።

አርባ ሦስት ዓመት! በዚህ ሁሉ ዘመን ዘይቱ መቶ ዶላር ያለፈበት የፋሲካ ጊዜ ነበር፤ መዝገቡ አልተከፈተም። የተከፈተው ዋጋው በወደቀበት፥ ሆስፒታሉ በተጨናነቀበት፥ ግምጃ ቤቱ ባዶ በሆነበት ዓመት ነው። እንግዲህ «የመከራ ቀን ለሒሳብ አይመችም» የሚሉን ሰዎች ይህን ምን ይሉታል? እውነቱ የተገላቢጦሽ ነው። ጥጋብ መዝገብን ይዘጋል፤ ችግር ይከፍተዋል። የጥጋብ ዘመን ሲመለስ የተከፈተው እንዳይዘጋ፥ በችግር ቀን የተገባው ቃል ወዲያው ሕግ ሊሆን ይገባል።

ሆኖም ናይጄሪያ የተዘጋውንም በር አሳይታናለች። ለድኾች የተሰበሰበው የወረርሽኝ ጊዜ እርዳታ፥ ሩዙና ፓስታው፥ ስኳሩና ጨው፥ በየክፍለ ሀገሩ መጋዘን ተከማችቶ ሳለ፥ በኦክቶበር 2020 የፖሊስን ግፍ በመቃወም ሰልፍ በተነሣ ጊዜ ሕዝቡ በሌጎስና በጆስ፥ በካላባርና በሌሎችም ከተሞች የመጋዘኖቹን በር ሰብሮ ገባ። ሰው በዚያ ግፊያ ተረጋግጧል፤ ሕግም ተጥሷል። ገዢዎቹ፥ «ለማከፋፈል እየተዘጋጀን ነበር፤ ከፊሉን ለሁለተኛው የበሽታ ማዕበል አስቀምጠነው ነበር» ብለው መለሱ። ምናልባት እውነታቸውን ይሆናል። ነገር ግን ይህን መልስ የሰጡት በሩ ከተሰበረ በኋላ ነው። በመጋዘኑ ደጅ ላይ «ይህን ያህል ጆንያ ገባ፥ ይህን ያህል ወጣ፥ የቀረው በዚህ ወር ለዚህ ቀበሌ ይታደላል» የሚል አንድ ወረቀት ቢኖር ኖሮ፥ የራበው ሰው ቀኑን በጠበቀ ነበር። ሕዝብ የሚታገሠው የሚያውቀውን ነው። የማያውቀውን ነገር ይጠረጥረዋል፤ የጠረጠረውንም ይሰብረዋል።

ስለ ውሉ በር ደግሞ ቻድ ትናገራለች። ቻድ በ2003 ዘይቷን በካሜሩን በኩል ወደ ባሕር ስታወጣ ገንዘቡ ለትምህርትና ለጤና፥ ዐሥር ከመቶውም ለመጪው ትውልድ እንዲውል በ1999 ሕግ ተደንግጎ ነበር። በ2006 ያ ሕግ ተለወጠ፤ የትውልዱም ተቀማጭ ቀረ። በ2013ና በ2014 መንግሥቱ ዘይቱን መያዣ አድርጎ ከአንድ የዘይት ነጋዴ ኩባንያ ከ1 ቢሊዮን ዶላር በላይ ተበደረ። የብድሩ ዝርዝር ለሕዝብ አልተገለጠም። የዘይት ዋጋ በወደቀ ጊዜ ግን የሚስጥሩ ዋጋ ተገለጠ፤ ከዘይቱ ሽያጭ የሚገኘው ገንዘብ ግምጃ ቤት ሳይደርስ ለአበዳሪው ዕዳ ይቀነስ ነበርና። ብድሩ በ2015ና በ2018 ታደሰ፤ ወረርሽኙ በመጣ ጊዜ ደግሞ አገሪቱ በጃኑዋሪ 2021 ዕዳዋ እንዲስተካከልላት ለመነች፤ ስምምነቱ የተደረሰው በኖቬምበር 2022 ነው። በሽታው ግን ሁለት ዓመት አልጠበቃትም። በሰላም ቀን በጓዳ የተፈረመ ወረቀት በበሽታ ቀን ከሕሙማን አልጋ ላይ ፍራሽ ይገፍፋል፤ ፈራሚውም በዚያን ጊዜ በሥፍራው አይገኝም።

አሁን የተቃዋሚዎቻችንን የቀሩ ክርክሮች ባጭሩ ልመርምር። አንዳንዶች፥ «ውላችንን ብናወጣ ባለ ገንዘብ ኩባንያዎች ይሸሻሉ» ይላሉ። ጊኒ ከ2013 ጀምሮ የማዕድን ውሎቿን ለሕዝብ አውጥታለች፤ ባለ ገንዘቦችም ቦክሲቷን መቈፈር አልተዉም። በርካታ አገሮችና ትልልቅ ኩባንያዎች የተባበሩበት የማዕድንና የነዳጅ ኢንዱስትሪዎች ግልጽነት ኢኒሼቲቭ የሚባለው ዓለም አቀፍ ማኅበርም፥ ከጃኑዋሪ 1 ቀን 2021 ጀምሮ የሚፈረሙ ውሎች ሁሉ እንዲገለጡ አባሎቹን ያስገድዳል። ሕጋዊ ነጋዴ ጎረቤቱ ስንት እንደ ከፈለ ሲያውቅ በልበ ሙሉነት ይሠራል። በብርሃን የሚሸሽ ነጋዴ ቢኖር ግን በጨለማም አይበጀንም።

ሌሎች ደግሞ፥ «ሕዝቡ አልተማረም፤ አኀዝ ብንለጥፍለት ምን ያደርግለታል?» ይላሉ። ለዚህ መልስ የምትሰጠው ኡጋንዳ ናት፤ በተለይ መምህራን ይህን ቢሰሙ ደስ ይለኛል። ከ1991 እስከ 1995 መንግሥት ለአንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች ከደመወዝ ውጭ ከመደበው ገንዘብ ለትምህርት ቤቶቹ የደረሰው በአማካይ 13 ከመቶ ብቻ መሆኑ ተመርምሮ ታወቀ። ከዚያ በኋላ መንግሥት ለየወረዳው የሚላከውን ገንዘብ በጋዜጣ ማሳተም፥ ትምህርት ቤቶችም የተቀበሉትን በደጃቸው መለጠፍ ጀመሩ። በ2001 ለትምህርት ቤቶቹ የደረሰው 80 ከመቶ ገደማ ሆነ። በእርግጥ ጋዜጣው ብቻውን ይህን ሁሉ አደረገ አልልም፤ ሌላም ጥበቃ ተጨምሯል። ሆኖም ያ ወረቀት የተለጠፈው ለሊቃውንት ሳይሆን ለወላጆች ነበር። ወላጅ ፊደል ባይቈጥር ልጁ ያነብለታል። ደግሞም የኛ ገበሬ ለዕድሩና ለዕቁቡ ማን ከፈለ፥ ማን ቀረ ብሎ በልቡ የሚይዘውን ሒሳብ ያየ ሰው፥ «ሕዝብ ሒሳብ አያውቅም» ለማለት አይደፍርም።

«ጉዳታችንን ብንገልጥ ጠላት ደስ ይለዋል፤ ስማችን ይጠፋል» የሚሉትን ግን ከሩቅ አገር ሳይሆን ከራሳችን ታሪክ እመልስላቸዋለሁ። በ1965 ዓ.ም. በወሎ ረኀብ በገባ ጊዜ የአገር ስም እንዳይጠፋ ተብሎ ነገሩ ተሸፈነ። መምህራንና ተማሪዎች ወደ ስፍራው ሄደው ፎቶግራፍ አንሥተው ባመጡ ጊዜ እንኳ የሚሰማቸው ጠፋ። በብዙ ሺህ የሚቈጠር ወገናችን በዝምታ አለቀ። በ1966 ዓ.ም. መጀመሪያ ነገሩ በባዕድ የቴሌቪዥን ፊልም ለዓለም ሲታይ ስሙም ጠፋ፥ ሕዝቡም አለቀ፥ አንድ ዓመት ሳይሞላም ዘውዱ ወደቀ። ስም ለማዳን የተደረገው ሽሸጋ ሰውንም፥ ስምንም፥ መንግሥትንም አላዳነም። ያን ጊዜ የተሸሸገው የማዕድን ሒሳብ አልነበረም፤ የሽሸጋው ጠባይ ግን አንድ ነው። በሽታውን የሸሸገ መድኃኒት አይገኝለትም።

ደግሞም ስለ ማዕድኑ ራሱ ቢሆን ነገሩ ከኛ የራቀ አይደለም። ወርቃችን ከዋና ዋናዎቹ የውጭ ንግድ ዕቃዎቻችን አንዱ ሆኗል። ኢትዮጵያም በ2006 ዓ.ም. ከላይ በተናገርሁት ዓለም አቀፍ ማኅበር ዘንድ በዕጩ አባልነት ተቀባይነት አግኝታለች፤ ኩባንያዎች የከፈሉትንና መንግሥት የተቀበለውን አመሳክሮ ለማውጣት ቃል ገብታለች። ቃሉ መልካም ነው። ነገር ግን ዘገባው በመደርደሪያ ላይ ተቀምጦ አቧራ የሚለብስ ከሆነ፥ መሸሸግ በሌላ ስም ተጠራ እንጂ አልቀረም። የሚነበብ ዘገባ እንዲሆን የሚያደርገው አንባቢው ነው። ስለዚህ የዚህ መጽሔት አንባቢዎች የሆናችሁ ሦስት ወገኖች፥ እያንዳንዳችሁ የምትሠሩት ሥራ አላችሁ።

ባለሥልጣን ሆይ፥ የመከራ ቀን ከመምጣቱ በፊት ሦስት ነገር አድርግ። የአስቸኳይ ግዢ ሁሉ ዋጋና ሻጭ በጥቂት ቀን ውስጥ እንዲገለጥ ዛሬ ደንብ አውጣ፤ በጭንቅ ቀን የሚወጣ ደንብ ጭንቁን ይመስላልና። ኦዲተሩ ከግዢው ኋላ ሳይሆን ከግዢው ጋራ እንዲሄድ ፍቀድለት። ለወረዳ የምትልከውን ገንዘብ ወረዳው እንዲያውቀው ብቻ ሳይሆን የወረዳው ሰው እንዲያውቀው አድርግ። መምህር ሆይ፥ የሒሳብ ትምህርት ስታስተምር የነጋዴን ትርፍና ኪሳራ ብቻ አታስላ፤ የአገርን በጀት በሰሌዳው ላይ ጻፍ፤ ከመቶ ስንቱ ለጤና፥ ስንቱ ለትምህርት እንደ ሆነ ልጆቹ ያውጡት። ተማሪ ሆይ፥ «የት ገባ?» ብሎ መጠየቅን እንደ ድፍረት አትቍጠረው፤ ጥያቄህ ግን በወሬ ላይ ሳይሆን በተጻፈ ነገር ላይ ይቁም። ማስረጃ የሌለው ክስ ለሌባው ሁለተኛ መሸሸጊያ ነው፤ ሁሉም ሌባ ከተባለ ሌባው ከሰዉ መካከል አይለይምና።

ወረርሽኝ ይመለሳል፤ የዓለም ገበያም ይወድቃል። ይህን ለማወቅ ትንቢት አያስፈልግም። በዚያን ቀን «እንስራ አይቈጠርም» የሚለው ሰው እንደ ገና ይነሣል። ለእርሱ የሚሰጠው መልስ ይህ ነው፦ ወንድሜ ሆይ፥ ቤቱ የሚቃጠል ስለ ሆነ፥ ውሃውም ጥቂት ስለ ሆነ፥ እያንዳንዱ እንስራ የት እንደ ፈሰሰ ማወቅ የሚያስፈልገን ዛሬ ነው። በጥጋብ ቀን ቢፈስስ ሌላ እንቀዳ ነበር። ዛሬ የፈሰሰ እንስራ ግን በኬኔማ ሆስፒታል ጓንት አጥታ የሞተችውን ነርስ ነው።